ከቶኪዮ በኋላ፣ ከሆንግ ኮንግ በፊት

ባስልኤልን ሞቶ ያገኘችው ሆሣዕና ናት። ሐሙስ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ያለውን ግሮሰሪዋን ልትከፍት መጥታ፣ ፎቅ ላይ ለሚሠራው ተከራይዋ የመጣ ፖስታ ላድርስ ብላ የጎኑን በር በራሷ ቁልፍ ከፈተች። ደረጃው ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነበር። አንድ እግሩ ባዶ ነው፤ ነጠላ ጫማው ላይኛው ደረጃ ላይ ቀርቷል። በሩ የጥር ብርድ ሲያስገባ ያደረ ይመስል ወለሉ በረዶ ሆኗል።

መርማሪ ዙሀራ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደረሰች። ልጅ ሆና ከደሴ መጥታ እዚሁ ቶሮንቶ ያደገች፣ በግድያ ምርመራ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት የሠራች ሴት ናት። አበሻ ያለበት ፋይል ሁሉ ተንከባሎ እሷ ጠረጴዛ ላይ የሚያርፈው ለዚህ ነው፤ ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ግን የለም። አብሯት የመጣው ማቲ ይባላል። አባቱ ከፊንላንድ የመጡ፣ ጡረታ ሊወጣ አምስት ወር የቀረው፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነው።

«አዳልጦት ነው?» አለ ማቲ።

«የሚወርድ ሰው ካዳለጠው በመቀመጫው ነው የሚወድቅ፣ ወይ በፊቱ። ይሄ በጀርባው ነው የሄደው። ላይ ሆኖ ለደረጃው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ነበር።»

«ማንን እያየ?»

ዙሀራ ደረጃውን ቀና ብላ አየችው። ወደ ላይ ለመውጣት ሬሳውን መሻገር ግድ ሆነባት። የወጣውም ሰው እንዲሁ ተሻግሮ ነው የወጣው ብላ አሰበች።

ላይ ያለው አንድ ክፍል ነው። ሦስት የኮምፒውተር ስክሪን፣ ብርድ ልብስ የተጣለበት ሶፋ፣ ሁለት የሻይ ብርጭቆ። አንደኛው ተጠጥቷል፤ ሌላኛው ሳይነካ ቀዝቅዟል። ከጠረጴዛው መሐል ትልቅ ደብተር ተከፍቶ ይታያል። ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር የፊታችን ቅዳሜ በቀይ ተከቧል፤ «የዓመቱ ምልከታ፣ አዳራሽ፣ ስምንት ሰዓት» ይላል።

«ምን ነበር የሚሠራው?» ብላ ጠየቀቻት ሆሣዕናን። ሴትየዋ መሬት መሬት እያየች፣ ፖስታውን አሁንም በእጇ እንደያዘች ነው።

«ዳውንታውን ባንክ ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት የእስያን ገበያ ሲያጠና ነበር። ዲፓርትመንቱ ሲዘጋ ሌይኦፍ አደረጉት። ከዚያ ይቺን ክፍል ከእኔ ተከራየና ለእኛ ለአበሾች መጻፍ ጀመረ። በየሰኞው ቴሌግራም ላይ በቮይስ ይወጣል። ‹የምሥራቅ መስኮት› ነው የሚባለው። አራት መቶ ቤተሰብ ይሰማዋል። ነርሱ፣ ሹፌሩ፣ ክሊነሩ፣ የጡረታ ገንዘቡን እሱ ባለው ነው ኢንቨስት የሚያደርገው። እኔም ጭምር። ቅዳሜ ደግሞ የዘንድሮ የገበያ ግምቱ በአዳራሽ ሊነበብ ነበር።»

«እዚህ ያድራል እንዴ?»

«ጃፓን በብርዱ ወራት በእኛ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚከፍተው፣ ሆንግ ኮንግ ሁለት ተኩል። እነሱ ሥራ ሲገቡ እሱም አብሮ ይገባል። በሳምንት አራት ቀን ሶፋው ላይ ነው የሚያድረው። ሚስቱም ለምዳዋለች።»

ዙሀራ ወደ ደብተሩ ተመለሰች። ሰውየው በስክሪኑ የሚያየውን ሁሉ በእጁ ካልጻፈ የማያምን ዓይነት ነበር። በየዕለቱ ገጽ አናት ላይ ሁለት መስመር አለ፤ ቶኪዮ የከፈተበት ቁጥርና ሆንግ ኮንግ የከፈተበት ቁጥር። የረቡዕ ገጽ ላይ የቶኪዮ ተጽፏል። የሆንግ ኮንግ ባዶ ነው። ከዚያ ገጽ ቀጥሎ ያሉት ወረቀቶች ተቀድደው፣ ከስፌቱ ጋር ጠርዛቸው ብቻ ቀርቷል።

«ከቶኪዮ በኋላ፣ ከሆንግ ኮንግ በፊት» አለች። «በአንድ ሰዓትና በሁለት ተኩል መካከል ነው የወደቀው።»

ማቲ ጫፋቸው ብቻ የቀረውን ወረቀቶች እያየ ራሱን ነቀነቀ። «የተቀደደውስ?»

«የዓመቱ ምልከታ ይመስለኛል።»

*

የባስልኤል ቤት ዌስተን ነው፣ ከባቡሩ ጣቢያ አጠገብ ካለው ያረጀ አፓርትመንት ዘጠነኛ ፎቅ። መርዶ ነጋሪ መሆን ዙሀራ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያልለመደችው ሥራ ነው። ለፈረንጅ ሲሆን በሩ ላይ ቆመህ ትናገራለህ። ለአበሻ ግን እንዲህ አይደረግም። ሰው ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይፈለጋል፣ በጧት ነው የሚኬደው፣ ሴትየዋም ብቻዋን ሳለች አይነገራትም። የፖሊስ መመሪያ ይሄን አያውቅም። ዙሀራ ሊፍቱ ውስጥ ቆማ፣ እባክህ አላህ፣ አንድ ሰው ከጎኗ አድርግላት እያለች ነበር የወጣችው።

በሩን የከፈቱላት ሻሽ ያሰሩ አሮጊት ሲሆኑ እፎይ አለች። እትዬ ኤልፍነሽ ይባላሉ፤ ከማዶ ካለው ሕንፃ የመጡ ጎረቤት ናቸው። ሶፋው ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስና ትራስ አለ። ተመስገን ብቻዋን አይደለችም አለች ዙሀራ በልቧ፤ ከዚያ ሌላ አላሰበችም።

ትርፌ ወደ ሥራ ልትሄድ የነርስ ልብሷን ለብሳለች። ዙሀራን ቀና ብላ አየቻትና ፊቷ ተለዋወጠ። «ምንድን ነው? ንገሪኝ!»

ነገረቻት። የሆነውን መጻፍ አያስፈልግም። እትዬ ኤልፍነሽ እቅፍ አድርገው ይዘዋት ወለሉ ላይ አብረው ተቀመጡ። ለቅሶው ትንሽ ሲበርድ ትርፌ የዙሀራን እጅ ያዘች።

«ተሰቃይቷል?»

ሐኪሙ ገና ምንም አላለም። ዙሀራ የምታውቀው ነገር አልነበረም።

«አይ። ወዲያው ነው ያረፈው።»

ማቲ አማርኛ አይሰማም፤ የተባለውን አላወቀም።

*

ዓርብ ጧት ሐኪሙ ደወለ። ባስልኤል የተመታው የጭንቅላቱ ኋላ ላይ ነው፤ ግን ቶሎ አልሞተም። አንድ ሰዓት ያህል፣ ምናልባት ከዚያም በላይ በሕይወት ነበር። ዙሀራ ስልኩን ዘጋች። ለትርፌ የነገረቻት ትዝ አላት።

በዚያው ጧት ማቲ የባስልኤልን ስልክ አስከፈተ። ረቡዕ ቀትር ላይ የገባ ቮይስ አለ። ላኪው ኢድሪስ የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ የሦስት ልጆች አባት።

«ባስልኤል፣ በመስከረም ‹ቆዩ› አልከን። ቆየን። የልጆቼን የኮሌጅ ገንዘብ ገደል ከተትክብኝ። ዛሬ እዚያው እመጣለሁ፣ ፊት ለፊት ታስረዳኛለህ። ሳላገኝህ አላድርም።»

የኢድሪስ መኪና ረቡዕ ማታ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ከግሮሰሪው ፊት ለፊት የፓርኪንግ ቲኬት ተቆርጦበታል። የጎኑ በር ላይ ደግሞ የጫማ ምልክት ተገኝቷል። የእሱ ቦት ነው።

ኢድሪስ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ፖሊስ ጣቢያ መጥቶ ተቀመጠ። አንድም ነገር አልካደም።

«ሄድኩ። አንድ ሰዓት ከሃምሳ ላይ ደረስኩ። ላይ መብራት በርቷል። ደወልኩ፣ በሩን ደበደብኩ። ማንም አልከፈተም። በእግሬ መታሁትና ሄድኩ። ይኸው ነው፣ ዋላሂ።»

«የሰማኸው ነገር አለ?»

ኢድሪስ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣ መልሶ ሰበሰበ።

«እንደ ሳል ነገር። ከበሩ ጀርባ። ተደብቆኝ ነው ብዬ ባሰብኝ፣ ለዚህ ነው በሩን የመታሁት።» ከዚያ ቀና ብሎ አያት። «እህቴ፣ ያኔ… በሕይወት ነበር?»

ዙሀራ ፋይሉን ገለበጠች። የምትገልጠው ግን ባዶ ወረቀት ነበር።

«ብትነግሪኝ ይሻለኝ ነበር» አለ ኢድሪስ።

አለቃዋ ሌላ የሚፈልገው ነገር አልነበረም። ዛቻ አለ፣ ቲኬት አለ፣ የቦት ምልክት አለ። ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ኢድሪስን አሰሩት። «ነገ አሥር ሰዓት ድረስ አለሽ» አላት አለቃዋ። «የተሻለ ካላመጣሽ በግድያ ይከሰሳል።» አራት መቶውም ቤተሰብ ወሬው ደርሶት፣ ገዳዩ ተያዘ ተብሎ በየስልኩ ተላልፏል። የኢድሪስ ሚስት ሸይማ ማታውን ሦስት ጊዜ ለዙሀራ ኮል አደረገች።

*

ዙሀራን የሚያስጨንቃት ሻዩ ነው። ለሚዝትብህ ሰው ሻይ አትቀዳለትም። ረቡዕ ማታ ባስልኤል ሻይ የቀዳለት ሰው ነበር። ያ ሰው አልጠጣውም።

የባስልኤል የቅርብ ወዳጅ ማን እንደሆነ ለመናገር ሆሣዕና ጊዜ አልወሰደባትም። ጋሽ ሰላሙ ናቸው። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ ሃያ ስድስት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ የሆኑ። ባስልኤል ማይክ ሲይዝ ምላሱ ይተሳሰር ስለነበር፣ እሱ ይጽፋል፣ እሳቸው በዚያ ሰው ሁሉ በሚወደው ድምፃቸው አንብበው ይቀርፃሉ። ‹የምሥራቅ መስኮት› ማለት የአንዱ እጅና የሌላው ጉሮሮ ነበር።

ዙሀራና ማቲ ስካርቦሮ ያለው የጋሽ ሰላሙ ቤት ድረስ ሄዱ። ጋሽ ሰላሙ በሩ ላይ ሲያዩዋት ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ግቢ ልጄ። ወንድሜን ነው የቀበርኩት። ገና ሳልቀብረው ቀበርኩት።»

«ረቡዕ ማታ የት ነበሩ፣ ጋሼ?»

«የጸሎት መስመር ላይ። ረቡዕ ረቡዕ በስልክ ኮንፈረንስ እንጸልያለን። የምመራው እኔ ነኝ፤ ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ተኩል። ስልሳ ሰው ይሰማኛል።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«እዚሁ ቤት፣ እራት እየበላሁ። ባለቤቴ ሺፍት ላይ ነበረች።»

«የቅዳሜው ምልከታ ይቀራል?»

«እንዴት ይቀራል? ሕዝቡ እኮ ጨንቆታል። ገበያው እንዲህ ሲሆን፣ ጸሐፊውም ሲሞት፣ ሰው ምን ይያዝ? ቃሉን እኔ አነብላቸዋለሁ። ማክሰኞ ነው የሰጠኝ፤ አደራው ነው።»

የጸሎት መስመሩን የምትቆጣጠረው እየሩሳሌም የምትባል ወጣት ሴት ናት። ስልክ ላይ አረጋገጠችላቸው። «ልክ አንድ ተኩል ላይ ነው የገቡት። እንደዚያ ቀን ሲጸልዩ ግን ሰምቼ አላውቅም። አለቀሱ፤ ሁላችንንም አስለቀሱን።»

«ከአንድ ተኩል በኋላ ያለው ምስክሩ ጠንካራ ነው» አለ ማቲ መኪና ውስጥ።

«ጠንካራ ነው» አለች ዙሀራ። ግን ማክሰኞ ተሰጠኝ ያሉት ወረቀት ከረቡዕ ገጽ በኋላ የተቀደደ ስለመሆኑ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ሌላ ወረቀት ሊሆን ይችላል። ሽማግሌ ሰው ቀን ሊሳሳትም ይችላል።

*

ቅዳሜ ጧት ጠረጴዛዋ ላይ ደብተሩን ከፍታ፣ ጆሮዋ ላይ የቴሌግራሙን ቮይስ ሰክታ አንድ በአንድ ታስተያይ ጀመር። አክሲዮን ገዝታ አታውቅም፤ ያላት የፖሊስ ጡረታ ነው፣ እሱንም የት እንዳስቀመጡት አታውቅም። የባስልኤል አማርኛ ግን ለእሷም ገባት።

በመስከረም ሁለተኛው ሰኞ ደብተሩ እንዲህ ይላል፦ «የቻይና የቤት ገበያ ገና ታች አልነካም፤ የሆንግ ኮንግ መነቃቃት አያታልላችሁ። ጃፓን ወለድ ከጨመረች፣ በርካሽ የጃፓን የን ተበድሮ የተገዛ አክሲዮን ሁሉ ከቶኪዮ እስከ ኒውዮርክ ባንዴ ለሽያጭ ይወጣል። አሜሪካ ታሪፉን ከጫነች የኮሪያና የታይዋን የኮምፒውተር ቺፕም አይድንም። ጡረታ የቀረባችሁ ውጡ። የልጅ ትምህርት ያስቀመጣችሁ ውጡ። ኪሳራው ትንሽ ሳለ ውጡ።»

የጋሽ ሰላሙ ድምፅ ደግሞ፣ ለስለስ ብሎ፣ እንዲህ አለ፦ «…የእስያ ገበያ እንደ ወትሮው ከፍ ዝቅ ይላል። ወገኖቼ፣ አትደንግጡ። ቆዩ።»

ዙሀራ መልሳ ሰማችው። ቀጣዩን ሰኞ አየች። የሚቀጥለውንም። አሥራ ሰባት ሳምንት ሙሉ ባስልኤል ውጡ እያለ ጽፏል፤ አራት መቶ ቤተሰብ ቆዩ ሲባል ሰምቷል። ጸሐፊው የተቀረፀውን ሰምቶ አያውቅም፤ ወዳጁን አምኗል። የሰማው ኢድሪስ ረቡዕ ቀትር ላይ «ቆዩ አልከን» ብሎ ሲጮህበት ነው።

በንዴት ጆሮዋ ጋለ። ምን ዓይነት ሰው ነው ይሄን የሚያደርግ? እያለች ተነሳች፤ ግን ለማቲ ስታስረዳው ነገሩ ራሷ ላይ ዞረ። ሽማግሌው ክፉ ነገር በሰው ፊት መናገር አቃታቸው። እሷስ ለትርፌ ምን አለቻት?

«ምክንያት አገኘን» አለ ማቲ። «ማስረጃ ግን አይደለም። ሰውየው እዚያ ክፍል እንደነበር የሚያሳይ ነገር የለንም።» ቡናውን ጠጣና ድንገት እንደ ትዝ ያለው ሆነ። «ለመሆኑ ያቺ አሮጊት ከሚስትየዋ ጋር ነው የምትኖረው?»

«አይ፣ ጎረቤት ናቸው።»

«ሶፋው ላይ ያደረችው ግን እሷ ናት። ብርድ ልብሱ ነበር። ለምን አደረች?»

«ብቻዋን እንዳትሆን ነዋ። እኛ ጋ ባል የሞተባት ሴት ብቻዋን—»

ዙሀራ ንግግሯ አፏ ላይ ቀረ።

እዚያ በር ላይ የደረሱት ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሬሳው የተገኘው ሁለት ሰዓት ላይ። አሮጊቷ ያደሩት ግን ከዚያ በፊት፣ ረቡዕ ማታ ነው። ያን ማታ ትርፌ ባል የሞተባት ሴት አልነበረችም፤ ባሏ በሥራ ክፍሉ ሶፋ ላይ እንደሚያድር የምታውቅ፣ በሳምንት አራት ቀን ብቻዋን ማደር የለመደች ሴት ነበረች። ፈረንጁ ለምን ብሎ የጠየቀውን እሷ እንደ ደግ ነገር አይታ አልፋዋለች። ልብሷን ደርባ ወጣች።

*

የለቅሶው ቤት ጢም ብሏል። ጫማው ኮሪደሩ ድረስ ተደርድሯል። ዙሀራ እትዬ ኤልፍነሽን ወደ ማድ ቤት ጠራቻቸው።

«እትዬ፣ ረቡዕ ማታ ወደ ትርፌ ማን ላከዎት?»

አሮጊቷ ፊታቸው በራ። «ጌታ ነዋ ልጄ! ጌታ እኮ አስቀድሞ ያያል። ለሁሉም መስክሬያለሁ፤ አልሰማሽም?»

ዙሀራ አልሰማችም። ሁለት ቀን ሙሉ በዚህ ቤት ውስጥ ሲነገር፣ ቤቱ ሁሉ አሜን ሲል፣ እሷ የራሷን ጥያቄ ይዛ ስትወጣና ስትገባ ነበር።

«በማን በኩል ላከዎት?»

«በጋሽ ሰላሙ ነዋ። ደወለልኝና ‹እባክሽ፣ ዛሬ ትርፌ ብቻዋን አትደር። ልቤ ከብዶታል፣ አብረሻት እደሪ› አለኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የመንፈስ ሸክም ነው ብዬ ጫማ እንኳ ሳልጫማ ሮጥኩ። ይኸው በጧቱ የሆነውን አየሽ።»

«ስልክዎን ላየው እችላለሁ?»

የገባው ጥሪ አልጠፋም። ረቡዕ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሃያ አንድ። ጸሎቱ ሊጀመር ዘጠኝ ደቂቃ ሲቀረው።

«ምነው ልጄ?» አሉ እትዬ ኤልፍነሽ፣ የዙሀራን ፊት እያዩ። «ክፉ አደረግሁ እንዴ?»

«እርስዎ ያደረጉት ደግ ነው» አለች ዙሀራ። ይሄኛው እውነት ነበር።

*

አዳራሹ ሦስት መቶ ሰው ይዟል። ሺፍት ቀይረው የመጡ አሉ፤ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ። ማንም አያወራም። ጋሽ ሰላሙ ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ትንሽ ክፍል መነጽራቸውን እየወለወሉ ነበር። ጉልበታቸው ላይ የተጣጠፈ ወረቀት አለ፤ አንደኛው ጠርዙ የተቀደደ። ማቲ በሩን ዘግቶ ቆመ።

«ጋሼ፣ ያንን ወረቀት ያሳዩኝ።»

«ሕዝቡ እየጠበቀኝ ነው ልጄ። ሳነብ ትሰሚዋለሽ።»

«ሲያነቡማ ሰምቻለሁ። አሥራ ሰባት ሳምንት።»

መነጽሩ እጃቸው ላይ ቆመ።

«ሰዎቹ ይጠይቁኝ ነበር እኮ» አሉ። «‹ጋሼ፣ መልካም ዜና አለ?› ይሉኛል። አንዷ ባሏ ታሟል፣ አንዱ ከሥራ ወጥቷል። እንዴት አድርጌ ነው ውጡ፣ ከስራችኋል የምላቸው? ትንሽ ይለፍ አልኩ። በሚቀጥለው ሰኞ እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ሰኞው ሲመጣ ደግሞ የባሰ ነው።»

«ረቡዕ ባስልኤል ጠራዎት።»

«ሻይ ቀዳልኝ። ስልኩን ከፍቶ የገዛ ድምፄን አሰማኝ። አልጮኸም። ጃፓን ሲከፍት ቁጥሩን ጻፈና ‹ቅዳሜ እኔው ራሴ እናገራለሁ፤ ብንተባተብም እናገራለሁ፤ ያስቀረኸውንም እነግራቸዋለሁ› አለኝ። ሃያ ዓመት በዚህ ሕዝብ ፊት ቆሜያለሁ። ወረቀቱን ቀድጄ ልወጣ ስል ቀድሞኝ ደረጃው ላይ ቆመ። ‹ስጠኝ› አለ።» መዳፋቸውን ዘርግተው አዩት። «ገፋሁት። ሌላ ምንም አላደረግሁም። ገፋሁት።»

«ከዚያስ?»

«የሞተ መሰለኝ። ዓይኑ ተገልጦ ነበር። ተሻግሬው ወጣሁ። መኪናዬ ውስጥ ስገባ ትርፌ ታየችኝ። ጧት ፖሊስ መጥቶ፣ በር ላይ ብቻዋን አቁሞ ሲነግራት ታየችኝ። ያ አንጀቴን በላው። ለኤልፍነሽ ደወልኩላት። ከዚያ እዚያው መኪና ውስጥ ጸሎቱን መራሁ።»

ዙሀራ ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። በሥራዋ ሰው ላይ ጮኻ ታውቃለች። አሁን ግን በዝግታ ተናገረች።

«ለእሷ ሰው ላኩላት» አለች። «በዚያው ስልክ ሦስት ቁጥር ነክተው አምቡላንስ ቢጠሩ ለእሱም ይደርስለት ነበር። አልሞተም ነበር ጋሼ። አንድ ሰዓት ያህል እዚያ ወለል ላይ በሕይወት ነበር። እርስዎ ሲጸልዩ በሕይወት ነበር።»

ጋሽ ሰላሙ ጎንበስ አሉ። ከአዳራሹ የወንበር መንቀጫቀጭ፣ የሕፃን ሳቅ ይሰማል። ቀና ሲሉ ወረቀቱን አቀበሏት፤ ሰዓቱን ያየው ማቲ ነበር፣ ዘጠኝ ሆኗል። ኢድሪስን ለማስፈታት አንድ ሰዓት ቀርቷቸዋል። ዙሀራ የተባለውን በእንግሊዝኛ ስትነግረው ማቲ ስልኩን አውጥቶ ለአለቃቸው ደወለ።

ካቴናው እጃቸው ላይ ሲገባ ሽማግሌው አንድ ነገር ለመኗት።

«ልጄ፣ ይሄን… በሕይወት ነበር ያልሽውን… ለትርፌ አትንገሪያት። አትችለውም።»

*

አመሻሹ ላይ ዙሀራ ዌስተን ተመለሰች። ኢድሪስ ቀድሟት ደርሷል፤ ከበሩ አጠገብ፣ ከሸይማ ጎን፣ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። የጋሽ ሰላሙ ወሬ ለለቀስተኛው ደርሷል።

ትርፌ ወለል ላይ ፍራሽ ላይ ናት። ዙሀራ አጠገቧ በርከክ አለች። በመንገዱ ሁሉ የምትለውን ስታሰላስል መጥታለች።

«ሐሙስ ዋሽቼሻለሁ» አለቻት። «ወዲያው አረፈ ብዬሻለሁ። ወዲያው አይደለም። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቷል።»

«ማን ነበር አጠገቡ?»

«ማንም።»

በሩ ጋ ኢድሪስ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ትርፌ አላለቀሰችም። እትዬ ኤልፍነሽ ሊደግፏት እጃቸውን ሲዘረጉ በቀስታ መለሰቻቸው።

«ትናንት እዚህ ተቀምጦ እጄን ይዞኝ ነበር» አለች። «ሰላሙ። አጽናናኝ፤ ተጽናናሁም።» ከዚያ ዙሀራ የያዘችውን የወረቀት ኮፒ አየች። «የባስልኤል ነው?»

«ለዛሬ የጻፈው ነው። ዋናው ፖሊስ ጋ ይቆያል።»

«አንብቢልኝ። እነሱም ይስሙ። ምንም ሳትቀንሺ።»

ዙሀራ መነጽሯን አደረገች። ጽሑፉ ወደ ቀኝ የተጋደመ፣ በችኮላ የተጻፈ ነው። ድምፅዋ እንደ ጋሽ ሰላሙ ያለ አይደለም፤ ደረቅ ነው፣ የፖሊስ ድምፅ ነው።

«‹ወገኖቼ፣ ዘንድሮ ክፉውን አስቀድሜ እነግራችኋለሁ› ይላል።»

«ቀጥዪ» አለች ትርፌ።

ቀጠለች። የቻይናን ቤቶች፣ የጃፓንን ወለድ፣ የሆንግ ኮንግን፣ የከሰረውን፣ ሊመለስ የማይችለውን፣ ጋሽ ሰላሙ ያስቀሩባቸውንም አሥራ ሰባት ሳምንት እስከ መጨረሻው መስመር አነበበችው። ከክፍሉ ማንም አልወጣም።